አቶ አጣሂር ጠበቃዬ የሆኑ ጊዜ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ በሬን አንኳኩ። የእህታቸው ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በአፋር በኩል ሲመለስ ሰው ገጭተሃል ተብሎ እዚያው ተይዟል። ወንበር ብሰጣቸውም አልቀመጥ አሉ።

"መምህር፣ እርስዎ ያውቃሉ። ጠበቃ ከዚህ ከደሴ ይዘን እንሂድ ወይስ ከዚያው እንፈልግ?"

"ከዚያው ካገሩ ይያዙለት" አልኩ፣ ሳላስብበት።

"እንዴት አወቁ?"

"ሰው ሲል ሰምቼ ነው።"

ውሸቴን ነው። ከሰው አልሰማሁትም። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ይህን ነገር ለባለቤቴ ሳልነግራት ነው የቀበርኳት። ለልጄም አልነገርኳትም።

ነገሩ የሆነው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገና በተቋቋመበት ሰሞን ነው። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከወረኢሉ ወጥቼ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር ተመደብኩ። አሶሳ ከተማ ውስጥ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር አዲስ ነበር። ቢሮ ሁሉ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ ለጥፏል፤ ከታፔላው በስተጀርባ ግን አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ታገኛለህ። የመንደሬ ትምህርት ቤት ሦስት ክፍል ነበረው። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር። እኔም ከጀርባው በምትገኝ ተመሳሳይ ጎጆ እኖር ነበር።

ስለ አሶሳ ሲነሣ ሰው ሙቀቱን ያወራል። እኔ የማስታውሰው ሣሩን ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ሰንበሌጡ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። በኅዳር ይደርቃል፣ በታኅሣሥ ነፋስ ሲነካው ወረቀት እንደሚቀደድ ድምፅ ያወጣል። ያገሬው ሰው በዚያ ወር ሣር ያቃጥላል፤ ግን አቃጣጠል አለው። ጎረቤት ይጠራል፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውን መሬት መጀመሪያ ጠርጎ ያራቁታል፣ ነፋሱ ሲተኛ ጠብቆ ይለኩሳል፣ በነጋታውም የቀርከሃውን ጉቶ እየዞረ ያያል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማንንም አልጠየቅሁም። ቋንቋ ስለማልችል ከመንደሩ ሰው ጋር ንግግሬ ከሰላምታ አያልፍም። ማታ ማታ ሬዲዮ እሰማለሁ፣ ጠዋት አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ አሶሳ ወርጄ ስኳርና ሳሙና እገዛለሁ። ኑሮዬ ይኸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ደጃፌ ላይ እባብ ገደልኩ። በዚያው ብስጭት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን ከጎጆዬ ጀርባ ያለውን ሣር ለኮስኩት። እሳቱ ከጠበቅሁት በላይ ቢያስደነግጠኝም ወደ ጎረቤት አልሄደም፤ እስከ ትምህርት ቤቱ መንገድ ደርሶ ቆመ። ሁለት ባልዲ ውኃ ደፋሁበትና ጨረስኩ ብዬ ገባሁ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጭሱን ከሩቅ አየሁት። የተቃጠለው የአባ መሐመድ ቤት ነው፤ ለጎጆዬ በጣም ቅርቡ የእርሳቸው ቤት ነበር። አባ መሐመድ የቀርከሃ ምንጣፍና የእህል ጎታ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቤቱ በደህና ወጥተው ሳለ የዘር ማሽላቸውን ላውጣ ብለው ተመልሰው ገቡ። ማሽላው አልወጣም። ሁለት እጃቸው እስከ ክንዳቸው ተቃጠለ። ባለቤታቸው እማማ ዘይነብ ከአመዱ አጠገብ ተቀምጠው አያለቅሱም፣ አይናገሩም፤ ወደ እኔ ጎጆ ያያሉ።

እሑድ ጠዋት ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዱኝ።

ጣቢያው ውስጥ መርማሪው "ሣር ለኩሰሃል?" ሲለኝ ነገ እናገራለሁ አልኩት። በማግስቱ ቃል ልሰጥ ስል ርእሰ መምህራችን መጣ። እሱም እንደ እኔ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ አጎንብሶ "ስማ፣ ምንም አላየሁም፣ ምንም አላውቅም በል። ገበያ ነበርኩ በል። ከነቀምት ጠንካራ ጠበቃ አመጣልሃለሁ። እዚህ ያሉትን እንዳትነካ" አለኝ። እኔም መርማሪውን "እሳት አልለኮስኩም" አልኩት። ፈረምኩ። ርእሰ መምህሩን ከዚያ ቀን በኋላ በአጥሩ በኩል አላየሁትም።

የእስር ቤት ብቸኝነት በምሳ ሰዓት ነው የሚታወቀው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ምግብ የመጣለትን ሰው ስም ይጣራል። የተጠራው ተነሥቶ ይሄድና ሳህኑን ይዞ ይመለሳል። እኔ ስሜ እንደማይጠራ እያወቅሁ ጆሮዬን አቆም ነበር። በሠፈራ ጣቢያዎቹ ከወሎ የመጡ ያገሬ ልጆች ነበሩ፤ ለዓመት በዓል ጠርተው በግ ያበሉኝ። አንዳቸውም አልመጡም። አልፈረድኩባቸውም። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያላቸውን ነገር እንደ እንቁላል ይዘውት ነበር የሚኖሩት፤ የበርታ ሽማግሌ ቤት አቃጠለ ለተባለ ሰው ሳህን ይዞ መምጣት ቀላል አልነበረም። ከባምባሲ በድንበር ጠብ የታሰረ አንድ የኦሮሞ ገበሬ ነበር፤ "ኮቱ" ብሎ በቋንቋው ይጠራኝና "ና ብላ፣ ብቻውን የበላ ይታነቃል" እያለ ያካፍለኛል። እሱ ከተፈታ በኋላ ግን ጣቢያው የሚሰጠውን ዳቦ ብቻ በላሁ።

ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ደህና ነኝ። እዚህ ማንጎ እንደ ድንጋይ የትም ሞልቷል፣ ማንም አይቆጥረውም" አልኳት። አድራሻዬን እንደ ቀድሞው የትምህርት ቤቱን አደረግሁ።

አቶ አጣሂርን መጀመሪያ ያየሁት ሌላ እስረኛ ሊያነጋግሩ ሲመጡ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ ላይ ኮት የሚደርቡ ሰው ናቸው። ያገሩ ተወላጅ ሲሆኑ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ፤ ክልሉ ሲቋቋም የጥብቅና ፈቃድ ካወጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆኑ። አማርኛቸው ግን የተማሩት ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል። ዘበኛውን "ይኼ በር ክፈቺው" ሲሉት ሰማሁና ከእስረኞቹ ጋር ሳቅሁ። እንዲህ የሚናገር ሰው እንዴት ዳኛ ፊት ይቆማል አልኩ በልቤ።

የነቀምቱን ጠበቃ ስጠብቅ ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ አንድ የትምህርት ቢሮ ሹፌር መልስ አመጣልኝ። ጠበቃው መንገዱን ፈርቷል፤ ደግሞም "ልጁ ካመነ ይበቃዋል" ብሏል። የትኛውን እንደማምን እንኳ የጠየቀኝ የለም። ክሴ በዚያ ሳምንት ተነበበ። ሆን ብሎ ቤት በማቃጠል። ዋና የተባለው ምስክርነት የእማማ ዘይነብ ነው። "መምህሩ እሳት ይዞ መጥቶ ቤታችንን ለኮሰው" ይላል። ከዚያ በፊት ፍየሎቻቸው ጎመኔን በልተውብኝ እንደጮህኩባቸውም ተጽፏል፤ ይህ እውነት ነበር። ዓመታት እንደምታሰር መርማሪው ራሱ ነገረኝ።

በማግስቱ አቶ አጣሂር በግቢው ሲያልፉ በአጥሩ በኩል ጠራኋቸው። አፈርኩ፤ ግን ጠራኋቸው።

"አቶ አጣሂር፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ።"

ቆሙና አዩኝ። "መምህሩ አንተ ነው? ከነቀምት ሰው ትጠብቂያለሽ ብለውኝ ነበር።"

"አልመጣም።"

ድንጋይ ስበው ከአጥሩ ማዶ ተቀመጡ። ስለ ክፍያው ስጀምር እጃቸውን አወዛወዙ፤ "እሷ ደመወዝ ስትመጣ። አሁን ንገረኝ። ሣሩን ማን ለኮሰች?"

"እኔ አልለኮስኩም" አልኩ። አፌ ለምዶታል።

ተነሡ። ጀለቢያቸውን አራገፉ። "ኡስታዝ፣" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ፣ "እኔ ትናንት መንደሩ ሄጄ ነበር። የሌላ ሰው ጉዳይ ነው የወሰደኝ፣ ግን ደጅህን አየሁት። ሣሩ ተቃጥሏል፣ ውኃ የደፋህበት ቦታ ጭቃው ደርቋል፣ የባልዲው ክብ አለ። ውሸት የሚፈልግ ሰው ሌላ ጠበቃ ይያዝ። እኔ ውሸት በአማርኛ አላውቅም፣ አማርኛዬ ትንሽ ናት።"

ሳቅ አልመጣልኝም። ይልቅ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እባቡን፣ ሐሙስን፣ ሁለት ባልዲውን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ዓርብ የቀርከሃውን ጉቶ ዞረህ አየህ?"

"አላየሁም። ማየት እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።"

ራሳቸውን ረጅም ጊዜ ነቀነቁ። "የቀርከሃ ሥር እሳት ደብቆ ይይዛል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ነፋስ ሲመጣ ይነሣል። ምናልባት ያንተ ናት። ምናልባት የማር ቆራጮች ናት፣ እነሱም በዚያ በኩል ነበሩ። አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ሣር ያቃጠለ ሰውና ቤት ያቃጠለ ሰው አንድ አይደለም። እኔ ይችን ነው ዳኛው ፊት የምናገረው።"

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው በምሳ ሰዓት ስሜን ጠራ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ነበር፤ ከቤታቸው ያመጡት። ባሚያ ስለሚያዝለገልግ ከዚያ በፊት አልወደውም ነበር። ሳህኑን በጣቴ ጠረግሁት።

በአንዱ ቀን ፊታቸው ተለውጦ መጡ። እማማ ዘይነብ ዘንድ ሄደው ተቀምጠው ነበር። "እሱ እንዲህ አላለም" አሉኝ፤ እማማ ዘይነብን ማለታቸው ነው። "'እሳቱ በመምህሩ ደጅ በኩል መጣ' ነው ያለው። ወረቀቷ ላይ 'መምህሩ እሳት ይዞ መጣ' ሆነች። ለፖሊስ ቃሉን የተረጎመው ሰው ከሌላ ወረዳ ነው፣ አነጋገሩ ይለያል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቸኩሏል። እኔ ሃያ ዓመት አስተርጓሚ ነበርኩ፤ አንድ ቃል ወዴት እንደምትወድቅ አውቃለሁ።"

ፍርድ ቤቱ ቀድሞ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከመንደሩ ብዙ ሰው መጥቷል። እኔ የማውቀው ፊት ፈለግሁ። መምህራኑ የሉም። አቶ አጣሂር ተነሥተው በአማርኛ ሲጀምሩ ቃሉ ይያዝባቸዋል፣ ይደግሙታል፣ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ምስክሯ በሌላ አስተርጓሚ እንደገና ይሰሙልኝ ብለው አመለከቱ። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ዳኛው ከጎናቸው ካሉት ጋር ተመካክረው ፈቀዱ።

ከዚያ አቶ አጣሂር ወደ እማማ ዘይነብ ዞረው በራሳቸው ቋንቋ መጠየቅ ጀመሩ። ቃላቸው ሳይደናቀፍ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ወንዝ ውኃ ወረደ። ከኋላ የሚስቅ ጠፋ። ስስቅባቸው የነበርኩት ሰው እኚህ መሆናቸውን ማመን አቃተኝ። አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን ሰው ሲከበር በድምፅ ይታወቃል። እማማ ዘይነብም ከእሳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሲናገሩ ሰማኋቸው። አዲሱ አስተርጓሚ ተረጎመ።

"እሳቱ ከመምህሩ ደጅ በኩል መጣ። መምህሩን በእሳቱ ቀን አላየሁትም። ገበያ ነበር። ሐሙስ ሣሩን ለምን ለኮስክ ብዬ ልጠይቀው እፈልግ ነበር፤ ቋንቋዬን ስለማይሰማ አልጠየቅሁትም።"

ዳኛው ወደ እኔ ተመለከቱ። "ተከሳሽ፣ ለፖሊስ እሳት አልለኮስኩም ብለሃል። አሁንስ?"

አቶ አጣሂር አላዩኝም። እያወቁ ነው ያላዩኝ። ቆምኩ።

"ለኩሻለሁ" አልኩ። "ሐሙስ ቀን ከጎጆዬ ጀርባ ሣር ለኩሻለሁ። ጉቶውን አላየሁም። ለፖሊስ የዋሸሁት ፈርቼ ነው።"

ከመንደሩ ሰዎች መካከል ጉምጉምታ ተነሣ። ዐቃቤ ሕጉ ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። ያን ጊዜ ራሴን በገዛ አፌ የቀበርኩ መሰለኝ። ውሳኔው የተሰጠው በሳምንቱ ነው። ሆን ብሎ ማቃጠል የሚለው ወደቀ፤ በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባልኩ፤ የታሰርኩት አርባ አንድ ቀን እንደ ቅጣት ተያዘልኝ፤ ቤቱን መልሶ ስለመሥራት ከሽማግሌዎች ጋር እንድስማማ ታዘዘ።

ከአዳራሹ ስወጣ ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደየመንገዱ ሄደ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ ጎጆዬን ለሌላ መምህር ሰጥተውታል፣ ዕቃዬም ትምህርት ቤቱ መጋዘን ገብቷል። አቶ አጣሂር የሌላ ሰው መዝገብ በብብታቸው ይዘው ወጡ።

"ና፣ ኡስታዝ። ገና አልጨረስንም።"

ሁለት ሰዓት በእግራችን ሄድን። አባ መሐመድ ትልቁ ማንጎ ሥር ተቀምጠው፣ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በክርናቸው መለሱኝ። ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ሲጨርሱ አቶ አጣሂርን አየኋቸው።

"ይቅር ብያለሁ አላለም" አሉኝ። "ገና ነው ብሏል። ቤቱን ከክረምት በፊት አብረን እንሥራ ነው ያለው። ነገ ቀርከሃ ትቆርጣለህ።"

ወደ ማስተማሩ ተመለስኩ፤ ማደሪያዬም ዕቃዬ ያለበት መጋዘን ሆነ። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ከትምህርት መልስ ቀርከሃ ቆረጥኩ፣ ሰነጠቅሁ፣ ግድግዳ ጠለፍኩ። የመንደሩ ሰዎች ያግዙኛል። አይሰድቡኝም፣ አይጠጉኝምም። አባ መሐመድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በአገጫቸው ያመለክታሉ፤ ይህን አጥብቅ፣ ያን ፍታ። አንድ ቀን ጠለፋው ተበላሸብኝ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ጀመርኩ። ሽማግሌው ትዕግሥታቸው አልቆ ብድግ አሉና ቀርከሃውን ከእጄ ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጨርቁ ተፈቶ ነበር። ጣቶቻቸው ተያይዘው ደርቀዋል፤ አልተጨበጡም። ለጥቂት ጊዜ በመካከላችን ተዘርግተው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው መለሷቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። እንደገና በአገጫቸው አመለከቱኝ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ቃል በቃል ረስቼዋለሁ። እነዚያን እጆች ግን አልረሳሁም።

ቤቱ ሲያልቅ የዝውውር ደብዳቤዬ ደረሰኝ። የጠየቅሁት አልነበረም። በሚያዝያ፣ ማንጎው ከዛፉ ሥር ወድቆ በሚሸትበት ሰሞን፣ ወደ መንዲ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። እማማ ዘይነብ በአሮጌ ጨርቅ ማንጎ ቋጥረው አመጡልኝ። ብንነጋገር እንኳ የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። ከመሳፈሬ በፊት አቶ አጣሂርን ልሰናበት ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ክርክር ላይ ነበሩ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ቃሉ ተይዞባቸው ሲደግሙት። መኪናው ሊሄድ ነው ተባልኩና ሮጥኩ። ክፍያቸውን በኋላ በፖስታ ላክሁ። ከገንዘቡ ጋር ደብዳቤ ልጽፍ ነበር፤ በሚገባ ልጻፈው እያልኩ ሳልጽፈው ቀረሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪዬ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ። አጣሂር የሚባሉ ጠበቃ ጠይቅልኝ አልኩት። "ከሞቱ ቆዩ ጋሼ፣ ዘመድዎ ነበሩ እንዴ?" አለኝ። "አይደሉም፣ በዝና ነው የማውቃቸው" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ራሴን ጠላሁ።

አሁን ሳስበው እሳቱ የማን እንደነበር ሳላውቅ ነው የምሞተው። የእኔ ይመስለኛል። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የታሰርኩት አርባ አንድ ቀን ነው፤ በዚያም ቢሆን በመጨረሻ አንድ ሰው ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ስቦ ተቀምጦልኛል። ከወጣሁ በኋላ ግን ነገሩን ደብቄ፣ ከምወዳቸው ሰዎች መካከል ብቻዬን የኖርኩት ዕድሜዬን በሙሉ ነው። አጠገቤ ሊቀመጥ የሚችል ሰው ሁሉ ነበረኝ። ያልጠራሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ኮምቦልቻ ላለችው ልጄ ደወልኩ።

"እሑድ መምጣት ትችያለሽ? የምነግርሽ ነገር አለኝ።"

"አባዬ፣ አመመህ እንዴ?"

"አላመመኝም።"

"በስልክ ንገረኛ።"

"በስልክ አይሆንም። ቁጭ ብለሽ ነው የምትሰሚኝ።"

"እሺ፣ እመጣለሁ" አለችኝ።